እጃቸውን እስከ ክርናቸው

አጎቴ አፉ የተከፈተ ጆንያ ሲያዩ እጃቸው አያርፍም ነበር። የማንኪራ ገበሬ ቦንጋ ወደሚገኘው መጋዘናቸው ቡና ይዞ ሲመጣ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱና ከሥር አንድ እፍኝ አውጥተው ያሸቱታል። «የላዩን ማንም ያያል፤ አለቃ ግን የሥሩን ማየት አለበት» ይሉን ነበር። ገበሬው ቡናውን መሬት ላይ ማስጣቱን ትቶ በቀርከሃ ቆጥ ላይ እንዲያሰጣ ያስለመዱትም እሳቸው ናቸው።

መጋዘኑ በመንግሥት የተወረሰ ቀን ቁልፉን ለቀበሌው ሊቀመንበር አስረከቡ። ሲወጡ በር ላይ ከቆመው ጆንያ እንደ ልማዳቸው አንድ እፍኝ አወጡና አሸተቱ።

«ልጄ፣ ይሄ እርጥብ ነው። ዛሬ ካልተሰጣ ይሻግታል» አሉት።

«የእርስዎ ትእዛዝ እዚህ አብቅቷል» አላቸው።

ቡናው ሻገተ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ «አሻጥር ሠርተው ነው ያስረከቡን» አለ። አጎቴ እሱ ባሻገተው ቡና ስድስት ወር ታሰሩ። ይዘውት የወጡት ሳል እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። አንድ ቀን እንኳ ሲቆጡ አልሰማሁም፤ ቁጣውን ለእኔ ተዉልኝ። ሌላ ውርስ የለኝም።

ዛሬ በዚያ በር ጆንያው አፉ እንደተሰፋ ይገባል፣ እንደተሰፋ ይወጣል። እጁን የሚከት የለም።

ትናንት ስንቀብራቸው ያው ሊቀመንበር መቃብሩ ራስጌ ቆሞ «አርቆ አሳቢ መሪ ነበሩ» ብሎ ተናገረ። አርቀው ያሰቡትን እኮ በሩ ላይ ነግረውት ነበር። ንግግሩን ሲጨርስ ሊያጽናናኝ እጁን ዘረጋልኝ። ያ እጅ የጆንያ ሥር ነክቶ አያውቅም። አልጨበጥኩትም።