ባዶ ኮርቻ ወደ አስታው ሜዳ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቡታጅራ

ከተማው ገና አልነቃም። የሱቆቹ በሮች እንደተዘጉ ናቸው፤ ከመስጊድ የሚመለሱ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ጭቃውን እየሸሹ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። እኔ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሜ ጥርሴን አንቀጫቅጫለሁ። በእግሬ ትናንት በሦስት ብር የገዛሁት ሸራ ጫማ፣ በትከሻዬ ዳቦና አንድ ኮዳ ውሃ። ነጠላዬን በራሴ ላይ ጠምጥሜዋለሁ፤ ይህ ነጠላ ኋላ ጉድ ያመጣብናል፣ አንባቢ ይያዝልኝ።

ለምን እዚያ እንደቆምኩ ልናገር። እኛ አስተማሪዎች በወር አንድ ቅዳሜ በእግር የምንጓዝበት ማኅበር አለን። የዚህ ወር ጉዟችን ከዘቢዳር ተራራ ትከሻ ላይ ወዳለው የአስታ ሜዳ ነው፤ አስታ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ የደጋ ቁጥቋጦ ሲሆን እዚያ ላይ ከእሱ ሌላ እምብዛም አይበቅልም። በሚቀጥለው ወር ተማሪዎችም ይወጣሉ ሲባል ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ዳይሬክተራችን አቶ ታደገ «ወንዶቹ ብቻ» እስኪሉ ነበር።

«ሴቶቹስ?» አልኳቸው።

«እዚያ ላይ ለሴት አይሆንም። መንገድ ላይ ብትዝልብኝ ለወላጇ ምን እላለሁ?» አሉና፣ ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው ተረቱብኝ።

ደሜ ፈላ። «እኔ በእግሬ ወጥቼ በእግሬ ብመለስስ?»

ሳቁ። «እንግዲያማ እነሱም ይሄዳሉ።» ይህን ያሉት መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው፤ ምስክር አለኝ። ወሬው በአንድ ቀን ትምህርት ቤቱን አዳረሰውና ትናንት ረሂማ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ክንዴን ይዛ፣ «እትዬ፣ አደራ፣ ብቻ እንዳይደክምዎት» አለችኝ። አደራ ተብዬ እንዴት ይደክመኛል!

ይህን እያሰብኩ ሳለ የቃጭል ድምፅ ሰማሁ። የስፖርት አስተማሪያችን ሸምሱ አንዲት በቅሎ እየሳበ ይመጣል። ኮርቻዋ ላይ ቀይ የግላስ ጨርቅ፣ አንገቷ ላይ ቃጭል፣ ግንባሯ ላይ ዘርፍ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለአንቺ ነው፤ የሰው ነገር አይታወቅም» አሉ ከኋላው የመጡት አቶ ታደገ። በቅሎዋን ያዋሷቸው ዘመዳቸው በዚያው ሳምንት ልጃቸውን ድረው ነበርና የሠርግ ጌጧ ገና አልወለቀም።

«አልቀመጥባትም።»

«አትቀመጪ። ትከተልሽ።»

ሁለት ሰዓት፣ መስቃን

የሒሳብ አስተማሪው ተጨምሮ አራት ሰዎችና አንዲት በቅሎ ሆነን እንሄዳለን። ፀሐይ ወጥታለች። ግራና ቀኙ ማሳ ነው፤ በየደጁ በሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ ይቀላል፣ ከየቤቱ ጀርባ የእንሰቱ ቅጠል ያንጸባርቃል። ወደ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች «አሰላሙ አለይኩም» ይሉናል፣ ሸምሱ «ወአለይኩም ሰላም» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም በቅሎዋን አይተው እኔን ያያሉ።

ዳገቱ ሲጀምር አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን መላጥ ያዘ። ዝም አልኩ። አቶ ታደገ በየመቶ እርምጃው ዞር ይላሉ፤ «ደከመሽ እንዴ?» «ኧረ በጭራሽ!» ቃጭሉ ከኋላዬ ቅጭል ቅጭል ሲል «ነይ ተቀመጪ፣ ነይ ተቀመጪ» የሚለኝ እየመሰለኝ ያናድደኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ወጣሁ።

አራት ሰዓት፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ያለች መንደር

ጀፎረው ላይ ደረስን። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ወደ እሱ ይመለከታሉ፣ ማንም ሲያልፍ ሁሉም ያየዋል። እኛንም አዩን። ምን እንዳዩ ልቁጠርላችሁ። የሠርግ ጌጥ ያደረገች በቅሎ፣ ኮርቻዋ ባዶ። ሦስት ወንዶች። ከፊት ከፊት ነጠላ የተከናነበች፣ ፊቷን ያኮሳተረች፣ በቅሎ ላይ አልወጣም ያለች ሴት። የደጋው ብርድ ደግሞ ዓይኔን እንባ በእንባ አድርጎታል። ጊዜው ከመስቀል ወዲህ፣ ሙሽራ የሚወሰድበት ወቅት።

እንሰት ትፍቅ የነበረች አንዲት ሴት ቀና አለች፣ መፋቂያዋን ጣለች፣ ጮኸች። በአንድ አፍታ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ጀፎረውን ከዳር እስከ ዳር ዘጉት።

«ልጅቷን ልቀቁ!» አሉ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት፤ ኋላ ስማቸው እማማ ዘምዘም መሆኑን አወቅን።

ሸምሱ የአገሩ ልጅ ነው፤ በቋንቋቸው ለማስረዳት ሞከረ። በአማርኛ መለሱለት፣ እኛም እንድንሰማ። «ጠላፊ ሁሉ ወሬ ያሳምራል!»

«እናቴ፣ እኔ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነኝ!» አሉ አቶ ታደገ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«ዳይሬክተር አይጠልፍም ያለህ ማነው? ደግሞ በዚህ ዕድሜህ! አታፍርም?»

እግዜር ይይልኝ፣ ለአንድ አፍታ «አዎ፣ ጠልፈውኛል» ልል አማረኝ። ግን ሳቄ ቀደመኝ። እማማ ዘምዘም በሳቄም አላመኑም። እጄን ይዘው አጥር ውስጥ አስገቡኝና ለብቻዬ፣ «ፈርተሽ እንዳትደብቂኝ፤ በምታመልኪው ማይልኝ» አሉኝ። ማልኩላቸው። ከዚያ ጉዱን ከነውርርዱ፣ ከነረሂማ አደራ ነገርኳቸው።

ወጥተው ለሴቶቹ ሲነግሯቸው ዓለሙ ተለወጠ። ሳይቀምሱ ማለፍ የለም ተባለ። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበልን፤ የሒሳብ አስተማሪው ሦስት ጊዜ «በቃኝ» እያለ አራት ጊዜ በላ።

አምስት ሰዓት ተኩል

አቶ ታደገ ሰዓታቸውን አዩ። «በበቅሎ መንገዱ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረናል። ሳይመሽ አንመለስም። በቃ፣ ከዚሁ እንመለስ።»

«የልጆቹስ ነገር?»

«አልደረስሽማ!»

ጆሮዬን አላመንኩም። «እርስዎ ባመጡት በቅሎ ጊዜው አልቆ እኔ አልደረስሽም ልባል? እናንተ ተመለሱ። እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

እማማ ዘምዘም ገመድ በወገባቸው እየታጠቁ ነበር። «ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«አስታው ሜዳ።»

ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። «እኛስ ወዴት የምንሄድ መሰለሽ? በሦስት ቀን አንዴ ለእንጨት እንወጣለን። በገደሉ በኩል ቅርብ ነው፤ በቅሎ ግን አትወጣውም።»

እኔ አቶ ታደገን አየኋቸው፣ እሳቸው በቅሎዋን አዩ። «እሺ፣ ትታሰር» አሉ በመጨረሻ።

ያ መንገድ መንገድ አይባልም። በእጅ የዛፍ ሥር እየጨበጡ፣ በጉልበት እየዳሁ የሚወጡት ነው። አንድ ቦታ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ተረከዜ ደምቷል፣ እስትንፋሴ አልመለስ ብሏል። ከኋላዬ የነበረች ሕፃን ያዘለች ሴት አጠገቤ ቆመች። አልጠራችኝም፣ አልገፋችኝም፣ ጠበቀችኝ ብቻ። ረሂማ ትዝ አለችኝ። ተነሣሁ።

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ አስታው ሜዳ

ደረስን! ሜዳው እስከ ዓይን ዳርቻ አስታ ብቻ ነው፤ ግራጫና አረንጓዴ፣ ጉም እላዩ ላይ ይሳባል፣ ነፋሱ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ያጎነብሳል። ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ቡታጅራ፣ ከዚያ ማዶ የቆሼ ቆላ። ጮኽኩ፣ ዘለልኩ፣ ተረከዜን ረሳሁት።

ሴቶቹ ግን አልጮኹም። ተበትነው የደረቀ አስታ ይለቅማሉ፣ ያስራሉ። ሕፃን ያዘለችው ጥላ ፈልጋ እያጠባች ነው። አቶ ታደገ ከሁላችን በኋላ፣ በሸምሱ ክንድ ተደግፈው ደረሱ፤ ወደ ሰማይ ተንጋለው ብዙ ቆዩ። ሲነሡ የእማማ ዘምዘምን ሸክም ሊያነሡላቸው ሞከሩ። ሸክሙ ንቅንቅ አላለም። እማማ ዘምዘም «ተወው ልጄ» አሉና በአንድ ትንፋሽ ጀርባቸው ላይ አወጡት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቡታጅራ

ቁልቁለቱ ላይ አቶ ታደገ ጉልበታቸውን ወለም ብሏቸው ስለነበር፣ መንደሯ ስንደርስ ማን በቅሎዋ ላይ እንደወጣ አልጽፍም። እንዳልጽፍ ተለምኛለሁ። ኮርቻው ባዶ አልተመለሰም ብል ይበቃል።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከተማ ገባን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ረሂማ ተቀምጣለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ከሩቅ ቃጭሉን ሰማች። ተነሣች፣ በቅሎዋን አየች፣ ከላይዋ ሰው መኖሩን አየች። አንገቷን ደፋች። አንጀቴን በላችው።

«ረሂማ!» ብዬ ጠራኋት፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከመሬት።

ቀና አለች። የደማ ጫማዬን አየች፣ ከዚያ ኮርቻው ላይ የተቀመጠውን ባለባርኔጣ አየች፣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

አቶ ታደገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን ታዪኛለሽ? ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው። በሚቀጥለው ወር ሴቶቹም ይሄዳሉ።» ኮርቻው ላይ እንደመስተካከል አሉና ጨመሩ፦ «በቅሎ ግን የለም።»