በቁሜ የተለቀሰልኝ ቅዳሜ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ብዙ አይመስለኝም። ለእኔ ግን ተለቅሶልኛል፤ ያውም ሳሎኔ ውስጥ፣ ሻይ እያቀረብኩ።

የምሠራው እዚህ ኮሎምበስ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ሃምሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ የወር አበባዬም ከቆመ ቆይቷል። በጣም ወፍሬ ነበር። አገር ቤት ፎቶዬን ያየ ሁሉ «ተመችቷታል» ሲል ደስ ይለኝ ነበር።

ለቼክአፕ ስሄድ ሐኪሟ አልተደሰተችም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሰውነት ስብ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን እንደሚያመርት፣ እሱ ሲበዛ ደግሞ በጡት ካንሰር የመያዝን ዕድል እንደሚጨምር ነገረችኝ። ማሞግራም የሚባለውን የጡት ራጅ ተነሳሁ፤ ምንም አልተገኘብኝም። ድንጋጤው ግን አለቀቀኝም። ሶዳ ተውኩ፤ ከሺፍት ስወጣ ብሌንደን ታውንሺፕ ባለው ሰፈራችን መራመድ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ።

ልጄ «ማም፣ ዩ ሉክ ግሬት!» አለችኝ። ሐበሻው ግን «ምን ሆነሽ ነው?» ማለት ጀመረ። አንዷ ጓደኛዬ ኮል ስታደርግልኝ፣ «ካንሰር እንዳይዘኝ ብዬ ነው የከሳሁት» አልኳት። ስልኩ ይቆራረጥ ነበር። የሰማችው «ካንሰር» እና «ከሳሁ» የሚለውን ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው።

በር ስከፍት ጋሼ ታደሰ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። እሳቸው የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ሴቶች ድስት ይዘው ተሰልፈዋል።

«ማን ተነሺ አለሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

«ጋሼ፣ ደህና ነኝ እኮ!»

«አይዞሽ፣ በርቺ» አሉና እንባቸው መጣ።

አልታመምኩም ባልኩ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። አንዷ ለሌላዋ፣ «ገና አልነገሯትም ማለት ነው» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ቅቤው የሚንሳፈፍበት ዶሮ ወጥ ቀረበ። «በሞቴ! ሥጋሽ ይመለስ!» እያሉ ያጎርሱኛል። በስንት ልፋት ያወረድኩትን ስብ በአንድ ቀን ሊመልሱት ነው!

ሸሽቼ ኪችን ገባሁ። እትዬ ስንዱ ተከትለውኝ ገቡና በሩን ዘጉ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ቀጭን ሴት ናቸው።

«ያንቺ ሲነኩት ያምሽ ነበር?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የቱ?»

«እብጠቱ። የእኔ፣ ጡቴ ላይ ያለው፣ አያምም። ሽምብራ ታክላለች። ቀጭን ስለሆንኩ ካንሰር አይሆንም ብዬ ለማንም አልነገርኩም።»

ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። «እትዬ፣ እኔ በእውነት አልታመምኩም። ውፍረት ዕድሉን ይጨምራል እንጂ ቀጭን ሰው አይዘውም ማለት አይደለም። ሰኞ እንሂድና ይታዩ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊሠራ መጣ?»

«እኔም አልገባኝም» አልኳቸው። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። ሳሎን ያሉት የምናለቅስ መስሏቸው እነሱም አለቀሱ።

ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ወሰድኳቸው። ምርመራው ካንሰር መሆኑን አሳየ፤ ደግነቱ አልተሰራጨም። ኦፕሬሽን ሆኑ፤ ከዚያ ጨረር ቀጠለ። «ለማንም እንዳትናገሪ» ስላሉኝ በዝምታ እየነዳሁ አመላለስኳቸው። ሰው ሆስፒታል በር ላይ ሲያየን፣ «እትዬ ስንዱ እንዴት ደግ ናቸው! በሽተኛዋን ብቻዋን አልተዉአትም» ይል ነበር።

ሕክምናቸውን ሲጨርሱ ያ ሁሉ ሰው እንደገና ቤቴ መጣ፤ እንኳን ማረሽ ሊለኝ። ከሁሉ አብልጠው እልል ያሉት እትዬ ስንዱ ናቸው።

ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን ግን ቀይሬዋለሁ። ዛሬም መንገድ ላይ «እንኳን ማረሽ» የሚለኝ አለ። መጀመሪያ አካባቢ ላስረዳ እሞክር ነበር። አሁን «አሜን» እላለሁ፤ የማረው ማንን እንደሆነ እግዜር ያውቃል።