የሴናተሩ ሹመትና የጋሽ በላቸው ቀጠሮ

ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን አስተርጓሚ ስለነበርኩ፣ አንዲት ቃል ሳላዛባም ሰው ስለጎዳሁ ነው።

ንጋት 12 ሰዓት፣ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር

ትራሙ ገና አልጀመረም። ሾፌራችን ጋሽ በላቸው ፉርጎን መኪናቸውን አስነስተው እኔንና እንግዳችንን ይጠብቃሉ። ከመሪው አጠገብ የፔርሜሷቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ እድሳት ቀጠሮ ተለጥፏል፦ ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት። ስምንት ወር የጠበቁት ቀን ነው፤ ፈቃዱ ሳይታደስ ከአገር ወጥተው መመለስ ስለማይችሉ፣ ካለፋቸው በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ለምትዳረው ልጃቸው ሰርግ አይደርሱም።

«አሎራ፣ እንግዲህ ባሕር ዳር ኦስቲያ ያለው ንግግር ግማሽ ሰዓት ነው ተብያለሁ። በአምስት ሰዓት እንመለሳለን» አሉኝ።

ተናጋሪው እንግዳ የሮም ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የጋበዛቸው የአንዲት የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ሴናተርና የቀድሞ ወታደር ናቸው። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ታሪካቸውን ጀመሩ። በጦሩ ውስጥ የጫማ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። በምክር ቤት ሃያ ዓመት ተቀምጠው ያጸደቁት ሕግ አንድ ነው፤ አንድ ድልድይ በቀድሞ ወታደሮች ስም እንዲጠራ። ድልድዩ እስካሁን አልተሠራም።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ

የከሙን፣ የደረቅ ዓሣና የእርጥብ ካርቶን ሽታ። ሴናተሩ ከኦስቲያ በፊት ገበያውን ልይ ብለው፣ ከአንዲት ሐበሻ ቅመም ሻጭ ፊት ቆመው ስለ ጦር ሜዳ ያወራሉ።

«ሰውዬው ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

«ሻለቃ መርቻለሁ ነው የሚሉት።»

ጋሽ በላቸው ሰዓታቸውን አዩ። «ጠዋት መጋዘን ነበሩ፤ ኦስቲያ ስንደርስ ጄኔራል ይሆናሉ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ብቻ ቶሎ ይሾሙ!»

5 ሰዓት፣ ኦስቲያ

አዳራሹ ውስጥ የባሕር ነፋስ ይነፍሳል። ግማሽ ሰዓቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ሴናተሩ ግን በንግግራቸው ገና አንድ ተራራ ከጠላት እየያዙ ነው። ጋሽ በላቸው ቁልፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሴናተሩ አዩዋቸውና ይቸኩሉ እንደሆነ በእኔ በኩል ጠየቁ።

ጋሽ በላቸው እጅ ነሱ። «ኧረ በፍጹም! በእንግዳ ላይ ማን ይቸኩላል? ይቀጥሉ።»

በእኛ ወግ ይህ መልስ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ጠያቂው ይደግማል፤ ያኔ «እንግዲያውስ» ተብሎ እውነቱ ይነገራል። አዳራሹ በሙሉ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀ። እኔም የተባለውን ብቻ ተረጎምኩ፦ አይቸኩሉም። ሴናተሩ አመስግነው ወደ ተራራቸው ተመለሱ።

7 ሰዓት፣ የመመለሻ መንገድ

ሴናተሩ ከኋላ ያንኮራፋሉ። ጋሽ በላቸው የቀጠሮውን ወረቀት ከመሪው አጠገብ ገነጠሉት።

«አንተ ወጉን እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«አስተርጓሚ የራሱን ቃል አይጨምርም፣ ጋሼ።»

«ቤኔ። ለልጄም እንደዚሁ አድርገህ ንገርልኝ።»

የጠፋው፦ አንድ ቀጠሮ። ስምንት ወር። አንድ ሰርግ።