ጉሬዛ ያሉኝ ጊዜ

ፊደል ሳልለይ ያስቀሩኝ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዬ መምህር ይልማ ናቸው። ልጅ እያለሁ፣ አብዮቱ በፈነዳ ማግሥት ነው። ከግንባሬ በላይ አብሮኝ የተወለደ ነጭ ጠጉር አለኝ፤ እሱን አይተው «ጉሬዛው፣ ና እስቲ ሰሌዳውን አጥፋልኝ» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳምንት ሳይሞላ አራዳ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ረሳ።

እኛ ጉሬዛ የምንለው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ በቆዳ ሱቁ ደጃፍ የሚሰጣውን ምንጣፍ ነበር። ጥቁርና ነጭ፣ ጠጉሩ ጣት የሚውጥ። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት የብል መድኃኒቱ ሽታ ከኬክ ቤቱ የቫኒላ ሽታ ጋር ይደባለቃል፤ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል። ግን እንስሳ ነው፣ እናት አለው፣ ይዘላል ያለን ሰው የለም። የአራዳ ልጅ ከየት አይቶት! ስለዚህ ጉሬዛ ማለት የሚረገጥ ነገር ማለት ነበር። የውቤ በረሃ ልጆች ሲያዩኝ «ጉሬዛ፣ እንግዳ መጥቷል፣ ተነጠፍ» ይሉኛል። እናቴ ለመነችኝ፣ አባቴ ገረፈኝ፤ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም።

አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ጎማ እየጠገንኩ አድጌ፣ ጢም አብቅዬ፣ አራት ኪሎ የማታ ትምህርት ገባሁ። አንድ ቀን በጣቴ እየተከተልኩ ያነበብኩት ምንባብ ስለ ጉሬዛ ሆነ። ዛፍ ላይ እንደሚኖር፣ ቅጠል እንደሚበላ፣ መሬት እምብዛም እንደማይረግጥ ይናገራል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ወደ ቤት ስመለስ ፒያሳ ጉም ለብሳለች፤ ከአንዱ ቆርቆሮ ጣራ ወደ ሌላው፣ ነጭ ካባቸውን እያውለበለቡ ሲዘሉ የማያቸው መሰለኝ። ከመካከላቸው አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አለ፤ ደብተሩን በብብቱ ይዟል።

መምህር ይልማን ፈልጌ ያገኘኋቸው ጡረታ ወጥተው፣ ኬክ ቤት በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ማንነቴን ነግሬ፣ ለምን ሰደቡኝ አልኳቸው። ደነገጡ። «እኔ ያደግሁት ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ነው። በእኛ ቤት ጉሬዛ የሚባለው የሚያምር ልጅ ነው» አሉኝ። መምህሩ ልጆቹም የሳቁት ወደውኝ መስሏቸው ነበር።

«ታዲያ ስቀር ቤቴ መጥተው አይነግሩኝም ነበር?»

የያዙትን ማኪያቶ አስቀመጡ። «እሱን አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።»

ዛሬ የሰፈሩ ልጅ ጉሬዛን በስልክ ያየዋል፤ የሚያውቀው ሲዘል ነው። እሰየው። እኔ ያመለጠኝን አልረሳሁም። እሳቸውን ግን እዚያው፣ ማኪያቷቸው ሳይቀዘቅዝ ይቅር አልኳቸው፤ በዳግማ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1982 ዓ.ም.