አባቴ ወደ ኪሱ የመለሳት ብር

ልጅ እያለሁ አዘዞ ሰፈራችን ውስጥ ሴት ልጅ ካፏጨች «እባብ ትጠራለች» ይባል ነበር። ዋሽንት ብትነፋማ ምን እንደምትጠራ እንጃ! እኔ ግን ጎረቤታችን አያ ሙላት፣ የሰርግ ዋሽንት ነፊው፣ ጓሮው ተቀምጦ ሲለማመድ በአጥር ሾልኬ እሄድ ነበር። ሸምበቆውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያወጣው የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ሳይሰለች አስተማረኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ «ሁለተኛ ዋሽንት ይዘሽ ባይሽ ልጄ አይደለሽም!» አለ። አባቴ ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም።

የታላቅ እህቴ የወይንሸት ሰርግ ዕለት አያ ሙላት ጉንጩ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ መጣ። ጥርሱ ነው፤ መንፋት አይታሰብም። ቤቱ ጢም ብሏል፣ ማሲንቆው ብቻውን ያለቃቅሳል፣ እንግዳው ማዛጋት ጀምሯል። አክስቴ «ምነው፣ ይህች እያለች!» ብላ ክንዴን ይዛ ከአያ ሙላት ጋር ጓዳ አስገባችኝና መጋረጃውን ጋረደችብን። ዋሽንቱን ከአያ ሙላት ተቀብዬ ነፋሁ። ወዲያው ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ ትከሻው ሁሉ ተነቃነቀ።

አባቴ ከሁሉም ብሶ ነበር። «ሸጋ ትንፋሽ! ሙላት ዳነ!» አለና ግንባሩ ላይ ሊለጥፍለት ብር ይዞ መጋረጃውን ገለጠ። አያ ሙላት ጉንጩን ደግፎ ጥግ ተቀምጧል፤ ዋሽንቱ እኔ አፍ ላይ ነው። እኔን አየ፣ ብሯን አየ። ከዚያ ብሯን ወደ ኪሱ መለሳት።

«ሰዉ እየጠበቀ ነው፤ ንፊ። እንዳትወጪ» ብሎ መጋረጃውን ለቀቀው።

ልጄ አይደለሽም አላለኝም፤ ግን አልሸለመኝምም። ከዱላ በላይ አመመኝ።

ዛሬ የምነፋው የብረት ፍሉት ነው። ሙዚቃ ተምሬ ባንድ አቋቁሜያለሁ። ቤዝ ጊታሩና ድራሙ ፈንክ የሚሉትን የአሜሪካ ምት ሲወቅጡት እኔ በላዩ አምባሰልን ከጃዝ ጋር አዋህጄ እነፋለሁ። በዚህ ብዙ አገር ዞሬያለሁ። አባቴ ግን አንድም ቀን መጥቶ ሰምቶኝ አያውቅም ነበር፤ ና ለማለትም አልደፈርሁም።

አምና ጎንደር ስንጫወት ወይንሸት ደግፋ አመጣችው። ሙዚቃው መሃል ላይ ብድግ አለ። ጩኸቱ አስጠልቶት ሊሄድ መሰለኝ። እሱ ግን በከዘራው እየተደገፈ መድረክ ወጣ። ቤዝ ተጫዋቹ ግራ ገብቶት ያየኛል። አባቴ ከኪሱ ብር አውጥቶ ላብ ያራሰው ግንባሬ ላይ ለጠፋት። ያኔ ቢሆን ቤቱ እልል ባለ፤ አሁን ሽልማት በሞባይል የሚልኩት ወጣቶች ስልካቸውን አንስተው ይቀርጹናል። እኔ እንባዬ ሲመጣ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ ፍሉቱ ዝም አለ።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምነው? ሰዉ እየጠበቀ ነው» አለኝ። «ንፊ እንጂ፣ ልጄ።»