በሩ የማይዘጋው ምድጃ

በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ የመካነ ሰላም ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ ከኪዳን ስመለስ በርኃብተኞች መጠለያ አጥር በኩል አለፍኩ። ከቆላ የመጣች አንዲት ሴት ልጇን አዝላ፣ የሸክላ ገል ይዛ ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች። የመጠለያው ወጥ ቤት እትዬ ድንቅነሽ ገሉን ተቀበለቻት፤ አመድ አነጠፈችበትና ፍም አኖረችበት። ሴትየዋ ልትሄድ ስትል መልሳ ጠርታ፣ ነፋስ ፍሙን እንዳይጨርሰው በሌላ ገል ከደነችላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት ሴትየዋ።

«ለእሳትም ይመሰገናል እንዴ?» ብላ እትዬ ድንቅነሽ ወደ ውስጥ ገባች።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ መዋል ቀላል ጸጋ አልነበረምና እግዚአብሔርን አመስግኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያ ፍም የማርያም ቤተ ክርስቲያንን ጽዶች ሊያስቆርጥ ተቃርቦ እንደ ነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ሕዝቡ ሲያልቅ ሹማምንቱ አልሰሙም ነበር ይባላል። ከእኛ አገር እስከ እነሱ ጆሮ መንገዱ ሩቅ ነውና አልፈርድባቸውም። መንግሥት ሲለወጥ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ሰማ፤ እርዳታም ይጎርፍ ጀመር። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ከባሕር ማዶ የተላከ የብረት ምድጃ ነው። እህሉ ኋላ ይመጣል ተባለ። እስኪመጣ ድረስ ሰው ምድጃውን እየዞረ ያየው ነበር፤ በመታየት ብቻ እንደማያጠግብም ወዲያው ታወቀ።

እህሉና የወተቱ ዱቄት ሲደርስ ምድጃው በሥነ ሥርዓት ተመረቀ። የመጠለያው ኃላፊ አቶ አድማሴ በድሮው መንግሥት ግብር ሰብሳቢ የነበሩ፣ በአዲሱ ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ወዳጅ የሆኑ ሰው ናቸው። «ይህ ምድጃ የአድኃሪውን ጭስ ከጭቁኗ እናት ዓይን ያስወግዳል» ብለው ንግግር ጀመሩ። የጭስ ማውጫው መክደኛ መዘጋቱን ያስተዋለ ስላልነበረ ኩሽናው በጭስ ተሞላ። አቶ አድማሴ እንባቸው እየወረደ ተናገሩ። ሕዝቡ ለድሃ ያለቀሱ መስሎት አጨበጨበላቸው።

መክደኛውን የከፈተው ውበቱ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ዘማች ተማሪ ነው። ልጁ ምድጃውን በደንብ ያውቀዋል፤ ለእትዬ ድንቅነሽም አስረዳት። ሲቀጣጠል ከበሩ በታች ያለችው የአየር ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ትከፈታለች፤ እንጨቱ ከያዘ በኋላ ጣት የምታሾልክ ያህል ብቻ ትቀራለች። ትልቁ በር እንጨት ካልተጨመረ በቀር አይከፈትም።

እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጉልቻ ላይ የኖረች ናት። ተዘግቶበት የማይታይ እሳት እንደ ሌባ ሆነባት። ደግሞም የመንደሩ ሰው ክብሪት የለውም። በአገራችን እሳት ልጫር ብሎ የመጣን ጎረቤት የሚመልስ ሰው ስሙ ይጠፋል። ስለዚህ ጠዋት ገል የያዘ ሁሉ ይመጣል፤ በሩ ይከፈታል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። ምድጃውም አየሩን እየጠጣ ያጓራል፤ እንጨቱን እንደ ገለባ ይበላዋል።

«እትዬ፣ በሩን አይክፈቱት እንጂ» ይላታል ውበቱ። «እንዲህ ሲያጓራ እኮ ሰማዩን ነው የምናሞቀው።»

«እሳት ልጫር የሚለኝን ምን ልበለው?»

«የለም ይበሉት።»

እትዬ ድንቅነሽ ቀና ብላ አየችው። «አዲስ አበባ እንደዚህ ትባባላላችሁ፣ ልጄ?»

«አዲስ አበባ ክብሪት አለ።»

«እንዲያ በለኛ።»

ለሳምንት የተሰፈረው እንጨት ረቡዕ ላይ አለቀ። አቶ አድማሴ ወሰኑ፤ በሚመጣው ሳምንት እንጨቱ እስከ ቅዳሜ ካልበቃ የማርያም ጽዶች ይቆረጣሉ። «ዛፍ ከሰው አይበልጥም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያንን ጽድ ከጥንት ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ በርኃቡ ጊዜ እንኳ ቅርንጫፉን ለሽያጭ የመለመለ የለም። የእትዬ ድንቅነሽ ሁለት ልጆችም አምና የተቀበሩት ከሥሩ ነው። እሷ ይህንን ለማንም አልተናገረችም። መጥረቢያ ሲሳል ስትሰማ ግን ከኩሽናው ትወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንጨት ለመቆጠብ ብላ፣ ሁልጊዜ ቤቷ እንደምታደርገው፣ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፈነችው። በጉልቻ ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር። የብረቱ ምድጃ ግን የሚተነፍሰው ከሥር ነው፤ አመዱ የሥሩን የብረት ወንፊት ደፈነውና እሳቱ ሞተ። ጠዋት የመጠለያው ልጆች ጣሳቸውን ይዘው ቀዝቃዛ ብረት ከበው ቆሙ። ገል የያዙትም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ይህ ደግሞ ለእሷ ከሁሉ የባሰ ነበር።

አቶ አድማሴ ነገሩን አሻጥር አሉት። አመዱ የየትኛው መደብ እንደሆነ ለማጣራት ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው ረዘመ፤ መፈክር ተሰማ፤ ልጆቹ እስከ እኩለ ቀን አጥሚት ሳይቀምሱ ዋሉ። አብዮቱ ግን አልተነካም።

ሰው ሲበተን እትዬ ድንቅነሽ ከምድጃው ፊት ተንበርክካ አመዱን ዝቃ አወጣች። እሳት አነደደች፤ በሩን ዘጋች፤ የአየር ቀዳዳዋን ቀስ እያለች መለሰቻት። ጩኸቱ ሲረግብ ጆሮዋን ደቀነች። ውጭ ወጥታ የጭስ ማውጫውን አየች፤ ጥቁር ጭስ ሲወጣ ያፈነችው መሆኑን አውቃ ተመልሳ ትንሽ ከፈተችለት። ስትወጣ ስትገባ አመሸች።

«ለካ ይቺ ቀዳዳ ናት አመዱ» አለች በመጨረሻ። «ቤቴ በአመድ የምይዘውን እሳት እዚህ በጣቴ እይዘዋለሁ።»

«ይህንኑ አይደል ስለፈልፍ የከረምኩት?» አለ ውበቱ።

«አንተማ ሰው መልሺ ነበር ያልከኝ።»

ሳቀባት። «እና ሰዎቹን እንዴት ሊያደርጉ ነው?»

ይህንንም አስባበት ኖሯል። ጠዋት አዲስ እንጨት ስትጨምር በሩ መከፈቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የተረፈውን ፍም አውጥታ በጋን ስባሪ፣ በአመድ መሐል አድርጋ ከደጅ ታኖረዋለች። የፈለገ ሳይጠይቅ ይጭራል፤ የምድጃው በር ግን ተዘግቶ ይውላል። ከዚያ ወዲህ ስባሪው ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም እየተገናኘ ሰላምታ ይለዋወጥ ነበር።

ቅዳሜ አቶ አድማሴ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትለው መጡ። የተረፈው እንጨት ከግድግዳው ሥር ተደርድሮ ቆይቷቸዋል። እየዞሩ ቆጠሩት። ከዚያም ድሉ በትክክለኛ አመራር የተገኘ መሆኑን ገለጹ። መጥረቢያ የያዙት አጥሚት ጠጥተው ሄዱ፤ ጽዶቹም እንደ ቆሙ ቀሩ። እኔ ለፈጣሪ አንድ ሻማ አበራሁ፤ ለአመራሩ የሚሆን አልተረፈኝም።

መልካም ሥራ ደግሞ ሳይቀጣ አይታለፍም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ማሻ ላይም እንዲሁ ዓይነት ምድጃ ደርሶ እንጨት እየፈጀ ነበርና እትዬ ድንቅነሽ ሄዳ እንድታስተምር ታዘዘች። በቦታዋ ሐረግ የምትባል ወጣት ተቀጠረች፤ ለማንም ፍም እንዳትሰጥ አቶ አድማሴ አስጠነቀቋት።

እትዬ ድንቅነሽ ልትሄድ ስትል ወደ ቤቴ መጣች። የጋኑን ስባሪ ተሸክማዋለች። ከደጄ አስቀመጠችውና እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«ወንድም ዓለም፣ ሰዎቹ ከደጅ እሳት ካጡ ሐረግን ይለምኗታል። እሷም ልጅ ናት፣ ልቧ አይጨክንላትም፤ ምድጃውን ትከፍትላቸዋለች። ከዚያማ ጽዱ…» አልጨረሰችውም።

«ገብቶኛል» አልኳት።

«ቤትህ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ብቻህን ስለሆንክ ፍምህም ይተርፋል። ወንድ ልጅ ከምድጃ ፍም ሲያወጣ ካዩ ይስቁብሃል፤ ይሳቁ። ከኪዳን ስትመለስ ጠዋት ጠዋት በዚህ ስባሪ ፍም አንተ ታወጣልኛለህ? አመዱን ከሥር ማንጠፍ ብቻ እንዳትረሳ።»