የሰጋቱራ ሳል

ባሏ ከሥራ ሲመለስ ሳሉ ቀድሞት ግቢ ይገባል። እሷም ያን ሰምታ ነው ራቱን የምታሞቀው። የሰው ሳል እንዲህ ይወደዳል? እሷ ግን ትወደው ነበር።

ባሏ በሚሠራበት አናጢ ቤት የማያስል የለም። ሰጋቱራው ቅንድብ ላይ ሳይቀር እንደ ዱቄት ይቀመጣል። አዲስ የገባ ሠራተኛ ማሳል ሲጀምር፣ አሁን ገና አናጢ ሆንክ እያሉ ይስቁበታል። የራሳቸው መለያም አላቸው፤ ሥራ ሲያቆሙ ከጠፋ የሰጋቱራ ሳል ነው።

የባሏ ሳል መክረሙን ያወቀችው እሷ ናት። ድምፁ ወፍሮ፣ ከደረቱ ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ መሰለ። ሐኪም ጋ እንሂድ ብትለው፣ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅ፣ ምን ሊገኝብኝ ነው ብሎ ቀለደባት። የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ቤት ከረመ። ሳሉ አልጠፋም። ያኔ ደንግጠው መሄድ ሲገባቸው፣ ሰጋቱራው ልብሱ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል ተባባሉ። ሹራቡን፣ ኮቱን፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ አውጥታ አራገፈች፤ ክንዷ እስኪዝል አጠበች። እሷ ስታጥብ፣ ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ጊዜ አገኘ።

አክታው ደም ሲቀላቅል ሆስፒታል ሄዱ። የሳንባ ካንሰር ነበር፤ ተሰራጭቷል። ሐኪሟ የማያጨስ ሰውም እንደሚያዝ፣ ሦስት ሳምንት ያለፈው ሳል መታየት እንዳለበት፣ ትንሽ ሳለ ቢገኝ ኖሮ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል እንደነበር ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ሚስማር የሚሉት ቀጫጫ ባልደረባው ሊጠይቀው መጣ። የአናጢ ቤቱን ወሬ እያወራ ሲያስቀው ድንገት ራሱን ሚስማርን ሳል ያዘው። ባሏ ሳቁን አቁሞ አዳመጠው።

"ከጀመረህ ቆየ?" አለው ባሏ።

"ተወው ባክህ፣ ሰጋቱራ ነው።"

"እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት።" ወደ ሚስቱ ዞረ። "ነገ አንቺው ራስሽ ይዘሽው ሂጂ። ይሄ ሰው ብቻውን ከተለቀቀ የሚሄደው ወደ መጋዙ ነው።"

ይዛው ሄደች። የምርመራው ውጤት በደረሰ ዕለትም አብራው ነበረች። ያቺው ሐኪም፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እሷ ለባሏ ስትመኘው የኖረችውን ቃል ለሚስማር ተናገረች። ድንጋጤ ጆሮውን ደፍኖት ኖሮ፣ "እቴ፣ ምን አለች?" ብሎ ጠየቃት። አስረዳችው። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ለሱ ደስ ብሏት ነው፣ ወይስ ለራሷ ከፍቷት? እንባው አንድ ላይ ነበር የሚወርደው።

ቤት ስትደርስ ባሏ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

"እህሳ?"

"ነገሩስ አለበት። ግን ትንሽ ነው አለች። በጊዜ ተደርሶበታል፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው።"

ዓይኑን ጨፈነ።

"እስቲ ድገሚልኝ" አላት።

አጠገቡ ተቀምጣ፣ እጁን ይዛ ደገመችለት።